ዘይነባ የጀርመኖችን ጭቃ ስትረግጥ

ዘይነባ የመረገችው ግድግዳ አይሰነጠቅም ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ ይህን የሚጠራጠር ሰው ከተገኘ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ሌላ ማራጊ ቀጥሮ የተጸጸተ ነው።

ሙያውን ያገኘችው ከባሏ ነው። ጀብሪል ቤት ሠሪ ነበር፤ እሱ ምሰሶ ሲያቆምና ማገር ሲመታ እሷ ጭቃውን ትረግጣለች። ጀብሪል ለአጨዳ ቆላ ወርዶ በወባ ሲሞት ሰው ሁሉ "እንግዲህ ወይ ታገባለች፣ ወይ ጨው ትቸረችራለች" አለ። እሷ ዒዳዋን፣ የባል ሐዘን የሚጠበቅበትን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ እስክትጨርስ ቤቷ ተቀመጠች፤ በጨረሰች ማግስት ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባች። አጠር ያለች፣ ባቷ እንደ ሙቀጫ የጠና ሴት ነበረች። ምን ነካሽ ቢሏት "ጭቃው ባሌ መሞቱን አያውቅም፤ ካልረገጡት ይደርቃል" አለች።

ምስጢሯ ትዕግሥት ብቻ ነበር። ሌላው ማራጊ ዛሬ ያቦካውን ከነገ ወዲያ ይለጥፋል። ዘይነባ ግን አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር ለውሳ ሃያ ቀን ታስተኛዋለች፤ በየሦስት ቀኑ እየሄደች ትረግጠዋለች። ባለቤቱ "ኧረ እትየ ዘይነባ፣ ክረምት ገባብን!" ብሎ ሲጮህ "ሂድና ክረምቱን ለምነው፤ ጭቃዬ አልደረሰም" ትለዋለች። መድረሱን የምታውቀው በጠረኑ ነው። ጎንበስ ብላ ታሸታለች፣ ትንሽ ታድቦለቡላለች፣ ከወገቧ ከፍታ ትለቀዋለች፤ ወድቆ ካልተሰነጠቀ "ቢስሚላህ" ብላ ትጀምራለች።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ግን የሚመረግ ቤት ጠፋ። ሰው የገዛ ቤቱን ወጋግራ እየነቀለ ለማገዶ የሸጠበት ዓመት ነው። ዘይነባ በወግዲ መንገድ ስትሄድ እሷ የመረገቻቸው ግድግዳዎች ጣራ የሌላቸው፣ ሰው የሌላቸው፣ ግን ሳይሰነጠቁ ቆመው ታያለች። ያን ጊዜ ስለ ሙያዋ ያመሰገናት ቢኖር ታለቅስ ነበር። ለረሃብተኞች ከከተማው ዳር በተሠራው የሸራ መጠለያ ውስጥ ነፋሱ ከረሃቡ ቀድሞ ሕፃናቱን ይወስድ ስለነበር፣ አቅም ያላቸውን ሴቶች ሰብስባ በሸራው ዙሪያ የጭቃ ግድግዳ አቆመች። ጭድ ስላልነበረ የፈረሰ ጣራ ሣር ከትፈው ለወሱበት። ሃያ ቀን የሚጠብቅም አልነበረም፤ ተሰነጠቀ፣ እየዞረች ደፈነችው። ከእርዳታው እህል ጋር ከመጡት ጀርመኖች አንዷ ይህን ስታይ ፎቶ አነሳቻት።

የዚያ ፎቶ መዘዝ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከምሥራቅ ጀርመን ለአውራጃው የግብዣ ደብዳቤ ደረሰ። አንድ የሥራ ኃላፊና በእርዳታው ጊዜ የደከመች አንዲት ሴት ለሁለት ሳምንት እንዲመጡ ይጠይቃል፤ ሴትዮዋ በሌላ እንዳትቀየር ተብሎ ፎቶዋ ተያይዟል፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ።

ደብዳቤውን የከፈተው ጓድ ንጉሡ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ኮቱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግር የሚወድ ካድሬ ነበር። ስሙ ግን ጣጣ አለበት። ንጉሥ ያወረደ አብዮት አገልጋይ ሆኖ "ንጉሡ" መባሉ ስለሚያሳቅቀው ደብዳቤ ላይ "ጓድ ን." ብሎ ይፈርማል። የገበያ ሰው በሹክሹክታ "ንጉሡ ወረዱ፣ ንጉሡ መጣ" ይላል። በዚያን ሰሞን ትልቁ እቅዱ በአሮጌው ገበያ ጥግ ያሉትን ዘጠኝ የጭቃ ቤቶች አፍርሶ በብሎኬት የኅብረት ሱቅ ማሠራት ነበር። ቤቶቹን ከጣልያን በፊት ነጋዴዎች ናቸው ያሠሯቸው፤ አንደኛው ደርብ አለው፤ እዚያ ሼህ ከማሉዲን ቁርኣን ያስቀራሉ። በስድስተኛው ውስጥ ዘይነባ ትኖራለች።

ንጉሡ በዘይነባ ፋንታ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯን ብርሀንነሽን ሊልክ ሞከረ፤ እሷ መፈክር አትስትም። ፎቶው ግን ዘይነባን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ቢሮው ጠርቶ አስተማራት።

"ጓድ ዘይነባ፣ እዚያ ሲደርሱ ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚናገሩት። ደስ ብሎናል፤ እናመሰግናለን፤ ወዳጅነታችን ይለምልም።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ሽንቴ ቢመጣስ?"

ንጉሡ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አስተርጓሚ ይኖራል" አለ።

በእህል መኪና በወረኢሉ አድርገው ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ሄዱ። አስተርጓሚያቸው ብዙነህ እዚያው ኬሚስትሪ የሚያጠና ጢማም የሞጣ ሰው ነበር። ዘይነባ መጀመሪያ የጠየቀችው የአሳማን ስም በጀርመንኛ ነው። ከዚያ ወዲያ ሳህን በቀረበ ቁጥር ጣቷን ቀስራ "ሽቫይን?" ትላለች፤ አስተናጋጁ ራሱን ከነቀነቀ ሳህኑን ትገፋለች። እንቁላልና ድንች ስትበላ ከረመች።

ንጉሡ ሃይማኖት የጨቋኞች መሣሪያ መሆኑን በየስብሰባው የሚያስተምር ሰው ነው፤ ሥጋውን ይበላል። ዘይነባ ግን በመጀመሪያው ረቡዕ "ሆዴን አሞኛል" ብሎ ድንች ብቻ ሲበላ አየችው። ዓርብም አመመው። በተከታዩ ረቡዕ ሲያመው ከራሷ ሳህን ሁለት ድንች ጨመረችለት።

አሥር ቀን ሙሉ ፋብሪካ አሳዩአቸው። የትራክተር፣ የክር፣ የጠርሙስ። ንጉሡ ማስታወሻ ይዞ ይጽፋል፤ ዘይነባ ሦስቱን ነገር ትናገራለች። ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ስሟ ሲጠራ ጉሮሮ የሚያስጠርግ አንዲት አሮጌ ከተማ ወሰዷቸውና "ዛሬ በእግር ነው የምንጎበኘው" ተባለ። ዘይነባ ደስ አላት፤ በእግር መሄድ የምታውቀው ነገር ነው። ችግሩ ከጽሕፈት ቤቱ የታደላት ጥቁር ጫማ ነበር፤ ጣቶቿን እርስ በርስ ያስተቃቅፋል።

አስጎብኚያቸው ፍራው ኤርና፣ በእኛ ወይዘሮ ኤርና እንደማለት፣ የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርገው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ አዙረው፣ የኋሊት ይሄዳሉ። ዘይነባ ይወድቃሉ ብላ ሁለቴ እጇን ዘረጋች።

የመጀመሪያው ቤት ፊት ቆሙ። ሦስት ደርብ ነው፤ ላዩ ከታቹ ይሰፋል፤ ጥቋቁር ወፋፍራም ግንዶች ቀጥ ብለው፣ አግድም ሆነው፣ ተጣምረው በነጩ ግድግዳ መካከል ይታያሉ።

"ይህ ቤት ከተሠራ አራት መቶ ዓመት አልፎታል" አለ ብዙነህ ፍራው ኤርናን እየተረጎመ።

ዘይነባ ወደ ላይ አንጋጣ አየች። "ታዲያ እስካሁን ለምን አልጨረሱትም?"

"እንዴት?"

"ማገሩ ገጦ ይታያል እኮ! አራት መቶ ዓመት ሙሉ የሚያለብሰው ሰው ጠፋ?"

ንጉሡ በክርኑ ጎሸማት። "ደስ ብሎናል ይበሉ።"

ብዙነህ ሳቁን ዋጠና በጀርመንኛ አንድ ነገር አለ። ፍራው ኤርና በደስታ ፈኩ።

"ምን አልሃቸው?"

"እንጨቱን አደነቁት አልኋቸው።"

በዚህ የተነሳ ፍራው ኤርና ሠላሳ ያህል እንጨቱ የገጠጠ ቤት አሳዩአቸው። የባለቤቱና የአናጢው ስም ግንዱ ላይ ተፈልፍሏል፤ በየበሩ ቆመው ያነቡላቸዋል። ዘይነባ በየቤቱ ፊት "አይ ምስኪኖች፣ ለሁሉም ጭቃው አልቆባቸው" ትላለች፤ ብዙነህም በየቤቱ ፊት አዲስ ምስጋና ይፈጥራል። አንዱ ቤት ወደ ጎረቤቱ ተጋድሞ ሲያዩ ግን ዘይነባ ንጉሡን በኮቱ ጎትታ ወደ መንገዱ መሃል አወጣችው። "ይሄ ዛሬ ነው የሚወድቀው።" ፍራው ኤርና እንደዚያ ሆኖ ሁለት መቶ ዓመት መቆሙን አስረዱ። "የሚወድቅበት ቀን ታዲያ ሩቅ አይደለም" አለች ዘይነባ።

ከዚያ ወደ ከተማይቱ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። ንጉሡ ንግግሩን አቋርጦ ደረጃውን ወጣ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከዚያም እግሩ ደፉን ሊሻገር ሲል፣ ሳያስበው፣ እንደ እናቱ ልጅ፣ የበሩን መቃን ተሳለመ። ግንባሩን አስነካ፣ ሳመ። ቀና ሲል የብዙነህ ዓይን እላዩ ላይ ነው። ከኋላቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚከተላቸው ፎቶ አንሺ መሣሪያውን እያስተካከለ ነው።

ፊቱ አመድ መሰለ። "እንጨቱን... ምን ዓይነት እንጨት እንደሆነ..." አለ።

ዘይነባ ጠጋ ብላ መቃኑን በእጇ መታ መታ አደረገች፤ እሷም አሸተተችው። "ጥድ ነው" አለች ጮክ ብላ። "ጓድ ንጉሡ በጠረኑ ነው የሚያውቀው፤ ከኔ የተማረው ነው።" ብዙነህም ቃል በቃል ተረጎመው፤ በዚያ ቀን ሳያጣምም የተረጎመው የመጀመሪያው ነገር ነበር። ፍራው ኤርና እንጨቱ ባሉጥ የሚባል የአገራቸው ዛፍ መሆኑን በትሕትና አረሙ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ እየታደሰ ያለ ቤት ነበር። ነጩ ኖራ ተልጦ የግድግዳው ሆድ ወጥቷል። ዘይነባ ቀና ብላ አየችና እግሯ ተተከለ። በግንዶቹ መካከል የተጠላለፈ ጭራሮ፣ በጭራሮው ላይ ቡናማ ነገር፣ ከቡናማው ውስጥ ያጎጠጎጠ ገለባ።

"ጭቃ ነው!" አለች። "ወላሂ ጭቃ ነው! ጭድም አለው!"

ማንንም ሳትጠይቅ ሄዳ እጇን አስገባች። አሮጌው ጭቃ ድንጋይ ሆኗል። ከኖራው በታች፣ የለጠፈው ሰው እጁን ወደ ታች ሲስብ የተወው የአራት ጣት ፈለግ ቀርቷል። ዘይነባ አራት ጣቷን ፈለጉ ላይ አስቀመጠች። ልክ ሆነላት፤ ትንሽ እጅ ነበር።

"ማነው የመረገው?" ብላ ጠየቀች።

ብዙነህ ጠይቆ መለሰላት። "የባለቤቱም የአናጢውም ስም አለ። የማራጊው አይታወቅም።"

"ኧሀ" አለች። ጣቷን ቶሎ አላነሳችም። "እኛም አገር እንደዚሁ ነው።"

የቤቱ አዳሽ ኦቶ የሚባል ወዛም ሽማግሌ ነበር። አንዱን ግድግዳ ሦስት ጊዜ መርጎ ሦስት ጊዜ እንደተሰነጠቀበት፣ ይህን ሙያ የሚያውቁት ሰዎች አልቀው እሱ ከመጽሐፍ እየተማረ መሆኑን ነገራቸው። ዘይነባ ገንዳ ውስጥ ወዳለው አዲስ ጭቃ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ፊቷን አጨማደደች።

"ጥሬ ነው።"

"ውብ ነው አሉ በልልኝ" አለ ንጉሡ ለብዙነህ በጭንቀት።

"አይ፣ ጥሬ ነው በለው! መቼ ነው ያቦካው?"

"ትናንት" ተባለ።

ዘይነባ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ንጉሡ ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባው።

"ጓድ ዘይነባ! የአገር ክብር ይዘን ነው የመጣነው!"

"ይሄ እንዲህ ከተለጠፈ ክብሩም ይሰነጠቃል" አለችና ጫማዎቹን አንድ በአንድ እጁ ላይ አስያዘችው። ንጉሡ ሊከለክላት አፉን ከፈተ፤ የጥዱ ነገር ትዝ አለው መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው።

ቀሚሷን ሰብስባ ገንዳው ውስጥ ገባች። ረገጠች። ውኃ ጨምሩ አለች፣ ጨመሩ። ገለባው ረጅም ነው፣ ይከተፍ አለች፣ ኦቶ ራሱ ከተፈ። ቆይቶ እሱም ቦቲውን አውልቆ ገባ፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ይረግጡ ጀመር። ፍራው ኤርና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፀሐይ ከለሏቸው። የሰፈሩ ሰው በየመስኮቱ ብቅ አለ። ዘይነባ በጣቷ እየቆጠረች ሃያ ቀን ማስተኛት፣ በየሦስት ቀኑ መርገጥ፣ በጠረኑ ማወቅ፣ ሁሉንም አስረዳች፤ ብዙነህ ግንባሩን እየጠረገ በታማኝነት ተረጎመ።

በማግስቱ የከተማይቱ ጋዜጣ ላይ ፎቶው ወጣ። ዘይነባና ኦቶ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ፣ በስተቀኝ ጓድ ንጉሡ፣ በእያንዳንዱ እጁ አንድ አንድ የሴት ጫማ ይዞ። ብዙነህ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበበላቸው፦ "ከኢትዮጵያ የመጡት የግድግዳ ባለሙያ ከረዳታቸው ጋር።"

መካነ ሰላም ሲመለሱ የሪፖርት ስብሰባ ተጠራ። ከደሴ ጓድ ክንፈ የሚባል የበላይ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ንጉሡ ለሁለት ሰዓት ያህል ስለ ትራክተር፣ ስለ ክር፣ ስለ ጠርሙስ ተናገረ፤ "ሰፊው የጀርመን ሕዝብ በብረትና በመስታወት ቤት ይኖራል፤ እኛም አሮጌውን አፍርሰን አዲሱን እንገንባ!" ብሎ ጨረሰ። ዘይነባ ተነስታ ሦስቱን ነገር ተናግራ ተቀመጠች። ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር፤ ሼህ ከማሉዲን እጃቸውን ባያወጡ።

"ዘይነባ፣ አንቺ በግድግዳ አትታሚም። እስቲ ንገሪን፣ የጀርመኖች ቤት በውኑ ከምንድን ነው?"

ዘይነባ ንጉሡን አየችው። ከዚያ ሼሁን አየቻቸው። ሰው ስለ ግድግዳ ጠይቋት ዋሽታ አታውቅም።

"ያሳዩን ፋብሪካ ብረት ነው" አለች። "ቤቱ ግን፣ ወላሂ፣ ጭቃ ነው። እንጨት ያቆማሉ፣ ጭራሮ ይጠልፋሉ፣ ጭቃ በጭድ ይለጥፋሉ። አራት መቶ ዓመት ሆነው። የተጋደመውን እንኳ አያፈርሱም፤ እንግዳ ሲመጣ እየዞሩ ያሳያሉ። ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴትዮ አሉ፣ የኋሊት እየሄዱ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጓድ ክንፈ ግን አልሳቀም። "ጓድ ንጉሡ፣ እውነት ነው?"

ንጉሡ ላብ አጠመቀው። ዘይነባ አላየችውም፤ ወደ አዳራሹ በር ዞር ብላ "ይሄ መቃን ደግሞ ምን እንጨት ይሆን" አለች፣ ለራሷ የምትናገር መስላ ግን ንጉሡ እንዲሰማት።

"እውነት ነው፣ ጓድ" አለ ንጉሡ። ከዚያ ንግግር የሚወደው ጠባዩ አዳነው። "የጀርመን ሠርቶ አደር አባቶቹ በላባቸው የሠሩትን የጭቃ ቤት... በሳይንሳዊ መንገድ ይጠብቃል!"

ጓድ ክንፈ "ሳይንሳዊ" የሚለውን ጻፈ። የዘጠኙ ቤቶች መፍረስ ጥናት እስኪደረግ እንዲቆይ ተወሰነ፤ ንጉሡ የጥናቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ዘይነባ ባለሙያ ሆኑ። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላስታወሰውም፤ ቤቶቹም በዚያ ምክንያት ቆሙ።

ባለሙያ መባሏ ግን ሥራ አመጣባት። ከደሴም ሆነ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ "ዘይነባን ጥሯት፣ ቤቶቹን ታሳየው" ይባላል። አንድ ጥቁር ጃንጥላ አበጀች። የኋሊት መሄዱን ሞክራው አንድ የጤና ባለሥልጣን ፊት የሽንኩርት መደብ ላይ ስለተቀመጠች ተወችው። በየበሩ ግን ቆማ ታስረዳለች፤ ባለቤቱን በአንድ ቃል ታልፈዋለች፤ አናጢውን ካስታወሰች ትናገራለች፤ የማራጊዋን ስም ግን ከአሮጊቶች ጠይቃ ይዛለች። "ይህን የመረገችው እንቁ ናት፣ የአራጌ እናት፤ መንታ አርግዛ ነበር። ይህን አስያ፤ ግራኝ ስለነበረች ፈለጉ ወደ ግራ ይሄዳል፣ እዩት። ይህን ነሲባ ናት፤ አርጅታ በሰባ ሰባቱ ረሃብ አለፈች፣ አላህ ይማራት።" እንግዳው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ካልጻፈ ወደሚቀጥለው ቤት አትወስደውም።

ንጉሡ ከዓመት በኋላ ወደ ወግዲ ተዛወረ። እዚያ የተሰጠው ቤት የጭቃ ነበር፤ ግድግዳው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ባለቤቱ ድንቅነሽ "በጀርመን ረዳት ነበርክ አሉ፤ ድፈነው እንጂ" እያለች አላስቀመጠችውም። ሲብሰው ለዘይነባ ደብዳቤ ላከ፤ በሙሉ ስሙ ፈርሞ።

ዘይነባ በጭነት መኪና ሄደች። ግድግዳውን ዞራ አየች፣ በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች። "ጥሬ ጭቃና ጥሬ ካድሬ ቶሎ ይሰነጠቃል" አለች። ድንቅነሽ እስኪያማት ሳቀች። ንጉሡም ሳቀ፤ ዘይነባ የበሰለ መሆኑን ያን ጊዜ ጠረጠረች።

"ስንት ቀን ይፈጃል፣ እትየ ዘይነባ?" ብሎ ጠየቃት።

"ሃያ።"

"ሃያ? ሰኞ ስብሰባ አለብኝ፣ እንግዳ ይመጣል!"

"ከስብሰባው በፊት ጠዋት ጠዋት ትረግጣለህ" አለችው። "በየሦስት ቀኑ።"

ረገጠ። በሃያ አንደኛው ቀን ግድግዳው ተመረገ፤ ድንቅነሽ ኖራ ትቀባው ጀመር። ዘይነባ ልብሷን ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ የእህል ጫኝ መኪና ጋቢና ውስጥ ገባች። ወረኢሉ ውስጥ የሚመረግ የመስጊድ አጥር እየጠበቃት ነበር፤ ዝናቡም ተቃርቧል፤ ሾፌሩን ቶሎ እንዲነዳ ነገረችው።